«የመምህር መገኘት» ምንድን ነው?

የአክስቴ ልጅ ማስተርሷን በኦንላይን እየተማረች ነው። ቀን ትሠራለች፣ ማታ ትማራለች። ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ቡና እየጠጣን ስልኳን አውጥታ ሁለት የቴሌግራም ግሩፕ አሳየችኝ።

አንደኛው ላይ መምህሩ ሴሚስተሩ ሲጀመር 140 ገጽ ፒዲኤፍ ለቀዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ «አሳይመንት እስከ አርብ» ብለው ጻፉ። በቃ። ከዚያ በታች የተማሪ ጥያቄ ብቻ ተደርድሯል፣ መልስ የለም። ሁለተኛው ላይ ሰኞ ሰኞ ጠዋት የአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ይገባል። መምህሯ ናት። «በዚህ ሳምንት ምዕራፍ ሦስትን ነው የምናነበው፤ ገጽ 40 ላይ ያለው ሠንጠረዥ ያለፈውን ዓመት ተማሪዎች አሳስቶ ነበር፣ እዚያ ጋ ስትደርሱ ቀስ በሉ» ትላለች።

ስልኩ ያው ነው፣ ኔትወርኩም ያው። የአክስቴ ልጅ ግን የመጀመሪያውን ኮርስ ልትተወው ምንም አልቀራት፤ ለሁለተኛው ሌሊት ተነስታ ታነባለች።

ይህ ልዩነት ስም አለው፤ «የመምህር መገኘት» ይባላል። ሐሳቡን በዚህ መልክ ያስቀመጡት በካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ራንዲ ጋሪሰን፣ ቴሪ አንደርሰንና ዋልተር አርቸር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጽሑፍ፣ ተማሪና መምህር ሳይተያዩ በኮምፒውተር እየተጻጻፉ የሚያደርጉት ውይይት ለከፍተኛ ትምህርት እንዲበቃ ምን ያስፈልገዋል ብለው ጠየቁ። ያገኙት ሦስት ነገር ነው። ተማሪው ከምር ማሰብ አለበት። ተማሪዎቹ እርስ በርስ እንደ ሰው መተዋወቅ አለባቸው። ሁለቱ እንዲሆኑ ደግሞ መምህር መኖር አለበት፦ ኮርሱን አስቀድሞ የሚያደራጅ፣ ውይይቱን የሚመራ፣ «ይሄ ልክ አይደለም፣ ልኩ ይሄ ነው» የሚል።

ብዙ ሰው መገኘት ሲባል ዙም ይመስለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስላይድ እያነበበ ካሜራው ፊት የተቀመጠ መምህር ላይኖር ይችላል። ደግሞ የእኛን ሁኔታ እናውቀዋለን። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ኔትወርክ ባለበትም ቀን ቢሆን ከከተማ ርቆ ዘጌ ሆኖ የሚማር ልጅ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ዋይፋይ ላይ ከተቀመጠው ጋር እኩል ሰዓት፣ እኩል ጥራት ይኑረው ማለት ከባድ ነው። የድምፅ መልእክት ግን ትንሽ ዳታ ነው የሚበላው፣ ሲመች አውርዶ ደጋግሞ መስማት ይቻላል። ቪዲዮ ካስፈለገም አጭር ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤዴክስ በተባለው የኦንላይን መድረክ ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ተማሪ በደንብ የሚከታተለው ከስድስት ደቂቃ ያነሰውን መሆኑን አይተዋል።

ሳይተያዩ መማር ለእኛ አገር አዲስ ነው ሲባል ስሰማ ግን የቅኔ ቤት ትዝ ይለኛል። እዚሁ ጎጃም፣ ዋሸራም ይሁን ጎንጅ፣ የቅኔ ተማሪ ቀን ቀን ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም የራሱን ቅኔ በልቡ ያዘጋጃል። የኔታ አጠገቡ የሉም። ሲመሽ ግን ቀርቦ የቆጠረውን ይነግራቸዋል፤ ሰምተው ያርማሉ፣ የተጣመመውን ያቃናሉ። ይህ ነገራ ይባላል። ቀኑን ሙሉ ያ ልጅ ብቻውን ቢሆንም ማታ የሚሰማው ሰው እንዳለ ያውቃል፣ የሚቆጥረውም ለዚያ ሰው ነው። ለእኔ የመምህር መገኘት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለውም። ብቻ መሆንና መተው ለየቅል ናቸው።

ነገራ ሌላም ነገር ይዟል። ተማሪው የሚናገረው ከራሱ አውጥቶ ነው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ ያስታወሱት 42 በመቶውን ነው፤ ደግሞ ከማንበብ ይልቅ ያስታወሱትን ወረቀት ላይ ለመጻፍ የሞከሩት ግን 56 በመቶውን አስታውሰዋል። የሚገርመው፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የበለጡት ደግመው ያነበቡት ነበሩ። ለዚህ ነው 140 ገጽ ለቆ መጥፋት ተማሪን የሚጎዳው። ልጁ አንብቦ ያወቀ ይመስለዋል፣ ጠይቆ የሚያሳየው የለም። በየሳምንቱ ሦስት አጭር ጥያቄ፣ «ፋይሉን ሳትከፍቱ መልሱ» ተብሎ ቢላክ ብዙ ነገር ይቀየራል።

የመምህራኑም ጫና ይገባኛል፣ መቶ ተማሪ ላለው ሰው ለእያንዳንዱ መመለስ አይቻልም። ግን የመቶ ተማሪ ስህተት መቶ ዓይነት አይሆንም። አሥር ወረቀት አንብቦ «አብዛኞቻችሁ እዚህ ጋ ተሳስታችኋል» የሚል የድምፅ መልእክት መላክ ይቻላል። መልስ የሚሰጥበትን ቀን ቀድሞ መናገርም አንድ ነገር ነው፤ ሐሙስ እንደሚመለስለት ያወቀ ተማሪ ሐሙስን ይጠብቃል።

ቡናችንን ሳንጨርስ የአክስቴ ልጅ ስልክ ጮኸ። ሐሙስ ማታ ለላከችው ጥያቄ መልስ ነበር። ከጣና የሚመጣው ነፋስ ድምፁን ስለሚወስደው ስልኩን ጆሯችን ላይ አስጠግተን አብረን ሰማነው። «ሁለተኛው አንቀጽሽ ላይ ምክንያት ያልሽው ውጤቱን ነው። አዙሪውና እስቲ እንደገና አንብቢው፣ ልክ ሲመጣ ራስሽ ታውቂዋለሽ» ትላለች መምህሯ። የአክስቴ ልጅ መልእክቱን ሦስት ጊዜ ደግማ ሰማችው። ከዚያ ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ እዚያው መጻፍ ጀመረች፣ ቡናዋም ቀዘቀዘ።