በላሊበላ አዲስ መኖሪያ ቤት መንደፍ

ላሊበላ በሰሜን ወሎ፣ በላስታ ተራሮች ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ጥንት ሮሃ ትባል የነበረች ከተማ ናት። ከዐለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናቷ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። አብያተ ክርስቲያናቱ ዛሬም የሚቀደስባቸውና ከነዋሪው መንደር ጋር ተያይዘው የኖሩ ስለሆኑ፣ በአቅራቢያቸው የሚሠራ ቤት ሁሉ የቅርሱን ገጽታ ይነካል።

ለነዳፊው ከሁሉ የሚከብደው የከፍታ ጉዳይ ነው። በብዙ ጥንታዊ ከተሞች ቤተ መቅደሱ ከቤቶች በላይ ጎልቶ ስለሚታይ የአዲስ ቤት ቁመት በእርሱ ይለካል፤ በላሊበላ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ወደ ታች 12 ሜትር ያህል በተቆረጠ ዐለት ውስጥ ስለቆመ፣ መስቀል በመስቀል ላይ የተቀረጸበት ጣሪያው ከዙሪያው መሬት ጋር ይስተካከላል። ምድር ቤት ብቻ ያለው ጎጆ እንኳ ከእርሱ በላይ ነው። ስለዚህ የፎቅ ቁጥር መገደብ ብቻውን አይበቃም፤ ቤቱ በተዳፋቱ ላይ የት እንደሚያርፍና ከአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ለሚመለከት ሰው ምን ያህሉ እንደሚታይ አስቀድሞ መታየት አለበት።

ከነባሩ የላስታ ድንጋይ ቤት ብዙ መማር ይቻላል። ቤቱ ክብና ባለ ሁለት ደርብ ሲሆን፣ ቀላ ያለው የአካባቢው ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ ይገነባል፣ በሣርም ይከደናል። ወደ ላይኛው ደርብ የሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ ከውጭ ግድግዳውን ታክኮ ይሠራል። ይህ ደረጃ ለዛሬ ነዳፊ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሁለቱ ደርቦች የየራሳቸው መግቢያ ስለሚኖራቸው ታችኛውን ለሱቅ ወይም ለእንግዳ፣ ላይኛውን ለቤተሰብ ማድረግ ይቻላል፣ ቤቱም ከተዳፋቱ ላይ ብዙ መሬት አይወስድም።

ክቡን ቅርጽና የሣር ክዳኑን እንዳለ መገልበጥ ግን አክብሮት አይመስለኝም። አራት ማዕዘን ቤትም ቢሆን መጠኑን ካወቀ፣ መስኮቶቹን ካጠበበና ወደ ግድግዳው ውፍረት ገባ ካደረጋቸው ከጎረቤቶቹ ጋር ይስማማል። በብሎኬት ግንብ ላይ ስስ ድንጋይ መለጠፍ ዐይንን አያታልልም፤ በመስኮቱ ጠርዝና በማዕዘኑ ላይ ስስነቱ ይታወቃል። ሣሩ በቆርቆሮ የሚተካ ከሆነ፣ የሚያብለጨልጨው ቀርቶ የማያንጸባርቅ የአፈር ቀለም ያለው ይመረጣል። ይህ ምክር ለወሎ ከተሞች ሁሉ አይደለም፤ በእንጨትና በጭቃ ምርጊት የተሠሩ ባለቆርቆሮ ቤቶች የበዙባት ደሴ የራሷ መልክ አላት።

ከዐይን የሚሰወረው ሥራም እኩል ያሳስባል። የአብያተ ክርስቲያናቱ ዐለት በዝናብና በእርጥበት ይጎዳል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. በተወሰኑት አብያተ ክርስቲያናት ላይ መጠለያዎች የተተከሉትም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ከላያቸው ባለው ተዳፋት የሚሠራ ቤት የጣሪያውን ውኃ በአሸንዳ ወደ ታንከር ሊያስገባ፣ የተረፈውንም ከቅርሱ በሚርቅ ቦይ ሊያወጣ ይገባዋል። የመጸዳጃ ጉድጓድም ከዚሁ ተለይቶ አይታይም፦ ፍሳሹ ወደ ዐለቱ እንዳይሰርግ ብቻ ሳይሆን፣ ቁፋሮው ከመሬት በታች ያለ ቅሪት እንዳይነካ፣ ቦታው ከመመረጡ በፊት የቅርስ ባለሙያ ሊያየው ይገባል።