ጉርቲ ምንድን ነው? የሶማሌላንድ ሽማግሌዎችና የምርጫው ቀጠሮ

ሶማሌላንድ ስትነሳ እኛ ዘንድ ቀድሞ የሚወራው ስለ በርበራ ወደብ ነው። እኔ ግን ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለ ጉርቲ ነው። አብዛኛው ዓለም እውቅና የነፈጋት ይህች አገር እንዴት ሰላም አግኝታ ምርጫ እስከማካሄድ እንደደረሰች፣ ምርጫዋ ደግሞ ለምን በየጊዜው እንደሚዘገይ ለመረዳት ጉርቲን ማወቅ ግድ ነው።

ጉርቲ የፓርላማው የላይኛው ምክር ቤት ነው። 82 መቀመጫ አለው። መቀመጫዎቹ ለየጎሳው የተደለደሉ ናቸው። ለአባልነት ቢያንስ 45 ዓመት መሙላት፣ በሃይማኖት እውቀት የበሰሉ ወይም ባህሉን ጠንቅቀው የሚያውቁ መሆን ይጠይቃል። ምክር ቤቱ ሕግ ያያል፤ የጸጥታ፣ የሃይማኖትና የባህል ጉዳይ ደግሞ በተለይ የእሱ ነው። ትልቁ ሥልጣኑ ግን ሌላ ነው። በጸጥታ ምክንያት ምርጫ ማካሄድ አልተቻለም ከተባለ፣ የፕሬዚዳንቱን የሥልጣን ዘመን የሚያራዝመው ጉርቲ ነው።

ታሪኩ ከእኛ አገር ጋር ይያያዛል። በ1988 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የዚያድ ባሬ ጦር ሐርጌሳን በአየርና በመድፍ ደበደበ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ኢትዮጵያ ገባ። ሃርትሼክ በዓለም ላይ ካሉት ግዙፍ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዱ ሆነ። በዚያ የስደት ዘመን የይስሐቅ ጎሳ ሽማግሌዎች ተሰባስበው የአማጺው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ደጀን ሆኑ። ስንቅ አሰባሰቡ፣ ተዋጊ መለመሉ፣ ጠብ ሲነሳ ዳኙ።

ባሬ በ1991 ሲወድቅ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ በበርበራ፣ ከዚያ በቡራኦ ተቀመጡ። ከባሬ ጎን ቆመው ከተዋጓቸው ጎሳዎች ጋር እርቅ አወረዱ። ለእኔ ሶማሌላንድ ያኔ ከሶማሊያ ተለይታ ካወጀችው ነጻነት የሚበልጠው ይህ ነው። ያ ሁሉ ደም ፈስሶ፣ ያ ሁሉ ጠመንጃ በእጅ እያለ፣ በቀል ይብቃ ማለት ቀላል አይደለም።

ሰላሙ ግን ወዲያው አልጸናም። በ1992 የራሳቸው የንቅናቄው ሰዎች በበርበራና በቡራኦ ተታኮሱ። እንደገና ሽማግሌ ገባ። በ1993 ቦረማ ላይ ለወራት የዘለቀ ጉባኤ ተካሄደ። ወጪው በአብዛኛው የተሸፈነው ከሕዝቡ ኪስ ነበር። ጉባኤው ሞሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋልን ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ። ጉርቲንም የፓርላማው አካል አደረገው። የአገር ሽማግሌ ደመወዝና ወንበር ያለው የመንግሥት ሰው የሆነው እዚህ ላይ ነው።

ሽምግልና ለምርጫ ምን ይጠቅማል? የ2003ቱን ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ እንይ። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ድምፅ ተሰጠ። ዳሂር ሪያሌ ካሂን ያሸነፉት በ80 ድምፅ ነው ተባለ። ተሸናፊው አሕመድ ሞሐመድ ሲላንዮ ደግሞ ንቅናቄውን ለዓመታት የመሩ ሰው ናቸው። ሪያሌ በባሬ ዘመን የጸጥታ መኮንን ነበሩ። የታጋዮቹ መሪ፣ ለዚያ መንግሥት በሠራ ሰው፣ ያውም በ80 ድምፅ ተሸነፉ! ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ሽማግሌዎችም መሐል ገቡ። ሲላንዮ ቅር እያላቸውም ቢሆን ተቀበሉ። በ2010 ሲያሸንፉ ሪያሌ ሥልጣኑን በሰላም አስረከቧቸው።

አሁን ወደ ችግሩ። ሕገ መንግሥቱ የጉርቲ ዘመን ስድስት ዓመት ነው ይላል። ሆኖም ምክር ቤቱ በሕዝብ ድምፅ አንድም ጊዜ አልተመረጠም። አባል ሲሞት ልጁ ወይም የቅርብ ዘመዱ ይተካል። ስለዚህ ዛሬ ወንበሩ ላይ ካሉት ብዙዎቹ በቦረማ ያልነበሩ፣ ማንንም ያላስታረቁ ሰዎች ናቸው። የሚያራዝሙት ዘመን ግን በዝቷል። የሪያሌ ተራዝሟል፣ የሲላንዮም ተራዝሟል። በ2005 የተመረጠው የታችኛው ምክር ቤት እስከ 2021 ድረስ ሳይነቃነቅ ቆየ።

በ2022 የባሰው መጣ። ምርጫው ይዘገያል ተብሎ ነሐሴ ላይ ሰልፍ ተወጣ፤ ሰውም ሞተ። ብዙም ሳይቆይ ጉርቲ ለፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ ሁለት ዓመት፣ ለራሱ ደግሞ አምስት ዓመት ጨመረ። ለራሱ! ተቃዋሚዎች ይህ ሽምግልና አይደለም ቢሉ አይፈረድባቸውም።

በቀጣዩ ዓመት በምሥራቅ ባለችው የላስ አኖድ ከተማ ውጊያ ሲነሳ ጉርቲ ሊያበርደው አልቻለም። የአካባቢው የዱልባሃንቴ ጎሳ ሽማግሌዎች ከሐርጌሳው መንግሥት ጋር መቀጠል አንፈልግም ብለው ነበር። ሽማግሌ ሁለቱም ወገን ካላመነው መሐል መግባት አይችልም።

ያም ሆኖ በኖቬምበር 2024 ምርጫው ተካሄደ። የተቃዋሚው የዋዳኒ ፓርቲ እጩ አብዲራህማን ሞሐመድ አብዱላሂ፣ በቅጽል ስማቸው ኢሮ፣ 64 በመቶ ገደማ ድምፅ አገኙ። ቢሂም ሥልጣን አስረክበው ወጡ። በአፍሪካ ቀንድ ይህ ስንት ጊዜ ይታያል?

ጉርቲን ምን እናድርገው የሚለው ክርክር የቆየ ነው። አንዳንዶች ሕዝቡ በቀጥታ ይምረጠው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ያኔ ሌላ የፓርቲ ሜዳ ይሆናል፣ ትናንሽ ጎሳዎችም ቦታ ያጣሉ ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱ ይገባኛል። እኔን ብትጠይቁኝ ጎሳዎቹ እንደ ቦረማው ዘመን ያመኑበትን ሰው ይላኩ፤ ግን ዘመኑ ሲያልቅ አዲስ ይላኩ፣ ውርሱ ይቅር። የራሱን ወንበር የማራዘም ሥልጣን ደግሞ ከጉርቲ እጅ መውጣት አለበት።