በደም ዓይነት መብላት ያከሳል? የሚባለውና እውነታው

ክብደት መቀነስ የፈለገ ሰው ውሎ አድሮ «የደም ዓይነትህ ምንድን ነው?» መባሉ አይቀርም። መልሱን ተከትሎ ትእዛዙ ይወርዳል፦ ኦ ከሆንክ ሥጋ ብላ፣ ስንዴና ወተት ተው። ኤ ከሆንክ ሥጋ ይቅርብህ። ቢ ከሆንክ ወተት ይስማማሃል፣ ዶሮ ግን አትንካ። ኤቢ ከሆንክ ከኤም ከቢም እያጣቀስክ ብላ። ይህን ያስፋፋው ፒተር ዳዳሞ የተባለ አሜሪካዊ የተፈጥሮ ሕክምና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ እንደ ሕክምና ምክር ከአፍ ወደ አፍ ይዛመታል።

«ኦ የጥንት አዳኞች ደም ነው፤ ኤ የመጣው ከእርሻ ጋር ነው»

ታሪኩ ጆሮ ይስባል፣ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ኤ እና ቢ በጊቦን ዝንጀሮዎች ላይም ይገኛሉ። የዘረ መል ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ይህ ልዩነት ቢያንስ 20 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው፤ እርሻ ከተጀመረ ግን ገና 12 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ኦ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ደግሞ የኤ ዘረ መል አንዲት ፊደል ጎድላው ሥራውን ሲያቆም ነው። ኤ ሳይኖር የተበላሸ ኤ ከየት ይመጣል?

«የማይስማማህ ምግብ ሌክቲን ደምህን ያጓጉላል»

የጠቅላላው ንድፈ ሐሳብ ምሰሶ ይኸው ነው፤ እውነት የምትመስል ቁራጭ ያለችውም እዚህ ላይ ነው። ሌክቲን በጥራጥሬና በሌሎች ዕፅዋት ውስጥ የሚገኝ፣ ከስኳር ዓይነቶች ጋር የሚጣበቅ ፕሮቲን ነው። የደም ዓይነታችንን የሚወስኑትም በቀይ የደም ሕዋስ ገጽ ላይ ያሉ ስኳሮች ናቸው። እንዲያውም የደም ባንክ ባለሙያዎች ከአንድ የጥራጥሬ ዘር የተወሰደ ሌክቲን ጠብታ ጨምረው፣ ቀይ የደም ሕዋሶቹ እርስ በርስ ሲጣበቁ በማየት የኤ ንዑስ ዓይነቶችን ይለያሉ።

ነገር ግን ይህ የሚሆነው በላቦራቶሪ መስታወት ላይ ነው። በምግብ ውስጥ ካሉት ሌክቲኖች አብዛኞቹ የደም ዓይነት አይመርጡም፤ በደንብ ሲቀቀሉም ኃይላቸውን ያጣሉ። ጥሬ ወይም ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ የበላ ሰው ኦም ይሁን ኤቢ ያስታውከዋል፣ ያስቀምጠዋል። መፍትሔው ቦሎቄውን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና በአዲስ ውሃ አንተክትኮ ማብሰል ነው።

«ወተት የሚስማማው ለቢ ነው»

አይደለም። የወተትን ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው፤ ዘረ መሉም ያለው በክሮሞዞም 2 ላይ ነው። የደም ዓይነት የሚወሰነው በክሮሞዞም 9 ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም።

«እኔ ግን ሞክሬው ከስቻለሁ»

ይህን የሚል ሰው አይዋሽም፤ ከስቷል። ጥያቄው ያከሳው ምንድን ነው የሚለው ነው። አራቱም ዝርዝሮች የታሸገና የተቀነባበረ ምግብን ያስቀራሉ፣ ስኳር ይቀንሳሉ፣ የሚበላውንም ያጠብባሉ። እንዲህ ሲሆን የሚገባው ካሎሪ ይቀንሳል። እንጀራም ሆነ ዳቦ ወይም ሩዝ የቀነሰ ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ የሚያየው ለውጥ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ሰውነት ያጠራቀመው እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን (በጉበትና በጡንቻ የሚከማች ስኳር) ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይወጣልና።

የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት የ1,455 ሰዎችን አመጋገብ ከደም ዓይነታቸው ጋር አነጻጽረዋል። አትክልት የሚበዛበትን «የኤ» አመጋገብ የሚከተሉ ሰዎች የወገብ ልክና የደም ግፊት ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ይህ ግን በኦውም በቢውም ላይ እንደዚያው ነው የታየው። በኋላም 16 ሳምንት የፈጀ ሙከራ ስብ የቀነሰ የአትክልት ምግብ ለወፋፍራም ሰዎች ሰጥቶ ነበር፤ ኤ የሆኑት ከሌሎቹ የተለየ ጥቅም አላገኙም። ለእኔ ክርክሩ እዚህ ላይ አብቅቷል።

«ታዲያ የደም ዓይነት ከጤና ጋር ምንም አይገናኝም»

ይህም ከመጠን ያለፈ ነው። ኦ ያልሆኑ ሰዎች በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድላቸው ከፍ ይላል፤ ኦ የሆኑትን ደግሞ ኮሌራ ሲይዛቸው ይበረታባቸዋል። የደም ዓይነት ለደም ልገሳ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ምን እንብላ የሚለውን ግን አይመልስም።

«ቢያንስ አይጎዳም»

ለጤነኛ ሰው፣ ለጥቂት ሳምንት፣ ምናልባት። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን ኦ ነኝ ብሎ ሥጋ ቢያበዛ ራሱን ይጎዳል። ኤ የሆነች ነፍሰ ጡር ሥጋን ያለ ምትክ ብትተው ብረትና ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሳት ይችላል። ስንዴ ሲበላ ሆዱን የሚነፋው ሰውም ኦ ስለሆነ ነው ብሎ ዝም ብሎ ባይተወው ይሻላል፤ ሴሊያክ የሚባለው፣ በስንዴ ውስጥ ያለ ፕሮቲን አንጀትን የሚያስጎዳበት በሽታ ሊሆን ይችላል። ምርመራው መደረግ ያለበት ደግሞ ስንዴ እየበላ ሳለ ነው፤ ካቆመ ቆይቶ ቢመረመር በሽታው እያለበት ውጤቱ «ነፃ ነህ» ሊለው ይችላል።