ዘርን በቀጥታ በትልቁ ማሰሮ መዝራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በረንዳ ላይ አትክልት የሚያበቅል ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። ዘሩን በትንሽ ኩባያ አፍልቼ ላዛውረው? ወይስ ተክሉ እስከ መጨረሻው በሚኖርበት ማሰሮ በቀጥታ ልዝራው? እኔ የምዘራው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ነው። ማሰሮዎቼ አፋቸው የተቆረጠ ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካኖች ናቸው። በዚህ ጉዳይ የሚሰጠው ምክር ብዙ ነው። ብዙው ግን ዘርም ጊዜም ያስበላል።

«ማንኛውም ዘር መጀመሪያ መፍላት አለበት»

ነገሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። መቂና ዝዋይ አካባቢ ቲማቲምና ሽንኩርት መደብ ላይ ፈልቶ ነው ወደ ማሳ የሚዛወረው። ካሮት ግን እንደዚያ አይሆንም። ከካሮት የምንበላው ዋናውን ሥር ነው። ሥሩ ገና ክር አክሎ ሳለ ጫፉ ከተጎዳ ሁለት ሦስት ቦታ ተሰንጥቆ ያድጋል። በመጀመሪያው ዓመት ካሮቴን ከኩባያ አዛውሬው ሁሉም እንዲህ ሆኖ ወጣ። ዱባ፣ ዝኩኒ፣ ኪያርና ፎሶሊያም ሥራቸው ሲነካ አይወዱም። እነዚህን በቀጥታ ዝሩ።

«እንግዲያው በቀጥታ መዝራት ሁልጊዜ ይሻላል»

ይህም ልክ አይደለም። ቲማቲም መዛወርን በደንብ ይችላል። እንዲያውም ሲዛወር ግንዱ እስከ ታችኛው ቅጠል ድረስ ቢቀበር፣ ከተቀበረው ግንድ አዲስ ሥር ያወጣል። ቃሪያ ሁለቱንም ይቀበላል።

«ማሰሮው ትልቅ ስለሆነ ብዙ ውሃ ይፈልጋል»

በቀጥታ የተዘራን ችግኝ ከምንም በላይ የሚገድለው ይህ ነው። ውሃውን የሚጠጣው ማሰሮው ሳይሆን ሥሩ ነው። የሁለት ሳምንት ቃሪያ ሥሩ ጥቂት ጣት ብቻ ነው። ሃያ ሊትር አፈር ሲረጥብ አብዛኛው ውሃ ጠጪ የለውም። አፈሩ ለቀናት እንደራሰ ይቀመጣል፣ አየር ያጣል፣ ሥሩ ይበሰብሳል። ወይም የችግኙ ግንድ ከአፈሩ በሚወጣበት ቦታ ላይ ይቀጥንና ችግኙ ድንገት ይወድቃል። ሰው ደግሞ ሲጠወልግ አይቶ «ውሃ ጠምቶታል» ይልና ይጨምርበታል። ብዙ ችግኝ እንዲህ ሲሞት ማየት በጣም ያሳዝናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዘሩ ባለበት ዙሪያ ብቻ፣ የቡና ስኒ አፍ በሚያህል ክብ፣ ውሃ ስጡ። ተክሉ ሲያድግ ክቡን አስፉ። ጣታችሁን አስገብታችሁ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ደርቆ ሲገኝ ድገሙ። ለማጠጫ የሃይላንድ ክዳን በሚስማር መብሳት ይበቃል። እንደ ጠል ስለሚወርድ ደቃቅ ዘር አያጥብም።

«ከታች ጠጠር ከተደረገ ውሃው ይወርዳል»

ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይሻገርም። አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ ከጠጠሩ በላይ ቆሞ ይጠብቃል። ጠጠሩ እርጥቡን ክፍል ወደ ሥሩ ያቀርበዋል እንጂ አያርቀውም። ይልቅ ከታች አምስት ስድስት ቀዳዳ ብሱ። አፈሩንም በብስባሽ አላሉት፤ በተለይ ጥቁር አፈር ብቻውን ከሆነ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል።

ዩሪያ ጣል አድርጎ መዝራትም የተለመደ ነው። አታድርጉት። ዘር ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚበቃውን ስንቅ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ዩሪያው ለጋውን ሥር ያቃጥለዋል።

«በሳምንት ያልበቀለ ዘር ሞቷል»

ቃሪያ ሙቀት ይወዳል። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ አፈር ውስጥ ቶሎ ይወጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ግን ሦስት ሳምንት ሊያስጠብቃችሁ ይችላል። እባካችሁ ቆፍራችሁ አትዩት። እስኪበቅል በላስቲክ ሸፍኑት፣ ብቅ ሲል ወዲያው አንሱለት። ጥልቀቱም የዘሩን ውፍረት ሁለት ሦስት እጥፍ ያህል ይሁን። በሶብላ ደቃቅ ስለሆነ ስስ አፈር ማልበስ ይበቃዋል።

በአንድ ማሰሮ ሦስት ዘር ዘርታችሁ ሦስቱም ከበቀሉ ጠንካራውን አስቀሩ። ሌሎቹን አትንቀሉ፤ ሥራቸው ተጠላልፎ የሚቀረውንም ያናጋዋል። በመቀስ ከአፈሩ ላይ ቁረጧቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ከመዝራታችሁ በፊት አስቡበት። እርጥብ አፈር የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ25 ኪሎ አያንስም። ክረምት ላይ በረዶ ሲጥል ኩባያ ይዞ ወደ ቤት መግባት ይቻላል፤ ጀሪካኑን ግን ማን ያነሳዋል? ስለዚህ መጀመሪያውኑ ከጣሪያ ሥር፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡትና ከዚያ ዝሩበት።