መስኮቱ ሲዘጋ ዳታው ለምን ይጠፋል? የመሣሪያ መስኮት በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ የተለመዱ ስሕተቶች

ለአይዲኢ (ኮድ ለሚጻፍበት ፕሮግራም) የራሳቸውን የመሣሪያ መስኮት (ዝርዝር ወይም ውጤት የሚያሳይ ክፍል) በፕለጊን (በተጨማሪ ቅጥያ) የሚሠሩ ሰዎች «ዘግቼ ስከፍተው ዝርዝሩ ባዶ ሆነ፤ ኤክሊፕስ አጠፋብኝ» ይሉኛል። ይህን መስማት ታክቶኛል። ኤክሊፕስ የተባለው አይዲኢ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ ያለው መስኮቱ ከፕሮግራሙ ጋር ተነሥቶ ከፕሮግራሙ ጋር ይዘጋል በሚለው እምነት ላይ ነው።

በኤክሊፕስ መስኮቱ የሚፈጠረው ለተጠቃሚው መታየት ሲኖርበት ነው። ሲዘጋና በሌላ ፐርስፔክቲቭ (የመስኮቶች አሰላለፍ) ክፍት ካልሆነ «ዲስፖዝ» የተባለው የማስወገጃ ትእዛዝ ይጠራና ያ የመስኮት ኦብጀክት አበቃለት፤ ቀጥሎ የሚከፈተው ሌላ አዲስ ነው። ኢንቴሊጄ በተባለው አይዲኢ ተጠቃሚው የመስኮቱን ቁልፍ እስኪጫን ድረስ ይዘቱ በተለመደው አሠራር አይፈጠርም። ሌላው አይዲኢ ኬዴቨሎፕማ የሚቀበላችሁ መስኮቱን ሳይሆን መስኮት የሚያመርተውን ፋክተሪ ነው።

አንድ ባልደረባዬ የኮድ ፈተና (ቴስት) ውጤቶችን የሚያሳይ መስኮት ሠርቶ ነበር። የውጤቱን ዝርዝር በመስኮቱ ክላስ ውስጥ አኖረው። መስኮቱ ተዘግቶ የተካሄደ ፈተና ሁሉ ሳይመዘገብ ቀረ። ይባስ ብሎ መስኮቱ ሲከፈት ሊስነር (አዲስ ውጤት ሲመጣ የሚቀበል ኮድ) ይመዘግባል፤ ሲዘጋ ግን አያነሣም። ሦስት ጊዜ ከፍቶ ሲዘጋ ሦስት የሞቱ መስኮቶች ውጤት መቀበላቸውን ቀጠሉ፤ «ዊጀት ኢዝ ዲስፖዝድ» (የመስኮቱ ክፍል ተወግዷል) የሚለው ስሕተት ሎጉን (የመልእክት መዝገቡን) ሞላው። ዝርዝሩን ወደ ራሱ ክላስ አወጣነው። መስኮቱ ሲከፈት ከዚያ ያነብባል፣ ሊስነሩን ይመዘግባል፤ በ«ዲስፖዝ» ውስጥ ያነሣዋል። ከዚያ ወዲያ ችግሩ አልተመለሰም። እባካችሁ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራችሁ እንዲህ ሥሩ፤ በኋላ መለየቱ እጅግ ያደክማል።

«የአይዲኢውን ምንጭ ኮድ መንካት ያስፈልጋል» የሚሉም አሉ። አያስፈልግም፤ በኤክሊፕስ መስኮቱን «ፕለጊን ኤክስኤምኤል» በተባለው ፋይል ላይ ማስመዝገብ ይበቃል።

«የመስኮቱን ቦታ የምወስነው እኔ ነኝ።» እናንተ የመነሻ ቦታ ትጠቁማላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ተጠቃሚው ወደፈለገበት ይጎትተዋል።

«የመስኮቱ መለያና ስሙ አንድ ነው።» ስሙን ተርጉሙት፣ ለውጡት። መለያውን ግን አትንኩ፤ አይዲኢው የተጠቃሚውን የመስኮት አቀማመጥ የሚያስታውሰው በእርሱ ነው።

«ከበስተጀርባ ትሬድ (ከዋናው ጎን ለጎን ከሚሄድ የሥራ መስመር) የመስኮቱን ሠንጠረዥ መሙላት ይቻላል።» ኤክሊፕስ መስኮቶቹን ለመሥራት የሚጠቀምበት ኤስደብልዩቲ የስሕተት መልእክት አውጥቶ ያቆመዋል። ሥራውን «ኤሲንክ ኤክሴክ» በተባለው ትእዛዝ ወደ ዋናው ትሬድ ላኩ። ተራው እስኪደርስ ተጠቃሚው መስኮቱን ዘግቶት ሊሆን ስለሚችል፣ ሠንጠረዡን ከመንካታችሁ በፊት «ኢዝ ዲስፖዝድ» ብላችሁ ጠይቁ።