ኮምፖስት ምንድን ነው?

ኮምፖስት ሲባል አፍንጫውን የሚይዝ ሰው አለ። የሚገማ ኮምፖስት ግን የተበላሸ ኮምፖስት ነው።

የድንች ልጣጭ፣ የጎመን አገዳ፣ የቡና አተላ፣ የረገፈ ቅጠል አንድ ላይ ተከምሮ አየር እያገኘ ሲበሰብስ፣ በመጨረሻ ጥቁርና ፍርፍር ያለ ነገር ይሆናል። ሽታው ዝናብ የነካው አፈር ነው። ኮምፖስት ማለት ይህ ነው፤ የተፈጥሮ ማዳበሪያ። የእንሰት አገር ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፤ እበቱንና የቤቱን ጥራጊ እንሰቱ ሥር ሲያፈስ ኖሯል።

ሥራውን የሚሠሩት ባክቴሪያና ሻጋታ ናቸው። እንደ እኛው አየርና ውሃ ይፈልጋሉ። ያንኑ ልጣጭ በፌስታል ቋጥራችሁ ብትጥሉት፣ አየር የማይፈልጉት ባክቴሪያዎች ይረከቡታል። ያኔ ይገማል፤ ሜቴንም ያወጣል። ይህ ጋዝ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዙ እጥፍ ይብሳል። የከተማ ቆሻሻ ክምር ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው።

ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው እርጥቡን ብቻ ሲከምር ነው። እርጥቡ ናይትሮጅን አለው፤ ካርቦኑ ያለው ደረቁ ላይ ነው፦ ጭድ፣ ደረቅ ቅጠል፣ የተቀደደ ካርቶን። ባክቴሪያውና ሻጋታው ሁለቱንም ይፈልጋሉ። ለአንድ እጅ እርጥብ ሁለት ሦስት እጅ ደረቅ ጨምሩ። ከዚያ ጨበጥ አድርጋችሁ እዩት። ጠብ ጠብ ካለ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ ደረቅ ይጎድለዋል። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አገላብጡት።

ትልቅ ክምር መሃሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል። የአረም ዘር የሚሞተው በዚህ ሙቀት ነው። የጓሮ ትንሽ ክምር እዚያ ላይደርስ ስለሚችል ዘር የያዘ አረም አትጨምሩበት። ሥጋ፣ አጥንትና ወጥ አይገቡም፤ አይጥ ይጠራሉ። አመድ ከተገኘ ቆንጠር አድርጎ ብቻ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ደግሞ ቶሎ አይበሰብስም።

ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰውም ማዳበሪያ ይበቃዋል። ከረጢቱን ማለቴ ነው። ስሙን ያገኘው ከሚይዘው ነገር ነውና፣ ማዳበሪያ በማዳበሪያ ውስጥ ቢሠራ ያምርበታል! ሽምኑ ሳሳ ስለሚል አየር ያስገባል፤ በረንዳ ላይ ጥላ ስር አስቀምጡት።

ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። የቱ ድንች፣ የቱ ጎመን እንደነበረ መለየት ካቃታችሁ ደርሷል። የእንቁላል ቅርፊቱ ብቻ እዚህም እዚያም ነጣ ብሎ ይታያል፤ እሱ እንኳ ቸኩሎ አያውቅም።