በሕግ አምላክ፦ ጎንደር ውስጥ ሃይማኖት፣ ግብረ ገብና መንግሥት

ባለፈው ፒያሳ ላይ አንድ የባጃጅ ሹፌርና አንድ ዕቃ ጫኝ ልጅ በሒሳብ ተጣሉ። አንዱ ኮሌታ ያዘ፣ ሌላው ድንጋይ ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት ከተቀመጡበት ሳይነሱ እጃቸውን ዘርግተው «በሕግ አምላክ! በሕግ አምላክ ብያለሁ!» አሉ። ሁለቱም ቆሙ። ፖሊስ የለ፣ ቄስ የለ። ሕጉ የመንግሥት ነው፣ አምላኩ የሃይማኖት ነው፣ መቆማቸው ደግሞ የይሉኝታ። ጎንደር እነዚህን ሦስቱን ለያይታ አታውቅም ነበር፤ አሁንም በወረቀት እንጂ በአፍ አልለየቻቸውም።

ከተማዋ ራሷ የተወለደችው ከዚሁ ጣጣ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ዓ.ም. ስል ግን የኛው ነው።) አፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክ ሆኑ፣ ሕዝቡም እንዲከተላቸው አዘዙ። አገሩ በአመፅ ታመሰ፣ ወንድም ከወንድም ተጋደለ፣ በመጨረሻ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን፣ የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን ማለት ነው፣ አስወጣ፣ በ1636 ገደማም ጎንደርን መቀመጫው አደረገ። ስለዚህ የከተማዋ የመጀመሪያ ትምህርት ይሄ ነበር፦ ንጉሥ ሃይማኖትን ይጠብቃል እንጂ አይቀይርም። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» እንላለን፣ ግን ሱስንዮስን ሕዝቡ ከሶ ረትቷቸዋል።

ሥልጣን የት የት እንደተቀመጠ ለማወቅ የሰፈር ስም መስማት ይበቃል። ግቢው የንጉሡ ነው። አቡን ቤት ጳጳሱ፣ እጨጌ ቤት ደግሞ እጨጌው የሚኖሩበት ሰፈር ነበር። አቡኑ ያኔ ከግብፅ የሚመጡ ሰው ነበሩ፣ ብዙ ጊዜ ቋንቋውን እንኳ አያውቁትም። ንጉሥን የሚቀቡት፣ ቄስና ዲያቆን የሚሾሙት ግን እሳቸው ናቸው፤ ሲያወግዙም ውግዘታቸው ይፈራል። እጨጌው የደብረ ሊባኖስ ገዳም አለቃ ናቸው፣ ያገር ተወላጅ ናቸው፣ መነኮሳቱንና የቤተ ክህነቱን ጉዳይ የሚያንቀሳቅሱት እሳቸው ነበሩ። ሁለት አለቃ፣ አንዱ ቀቢ፣ አንዱ አስተዳዳሪ። ንጉሡ ደግሞ መሐላቸው።

ከሁሉም የሚገርመኝ እጨጌ ቤት ነው። ሰው የገደለም ይሁን ከንጉሥ የተጣላ፣ እዚያ አጥር ውስጥ ከገባ አይነካም። በዘመነ መሳፍንት፣ ማለትም ከ1769 እስከ 1855 ባለው ጊዜ፣ ዛሬ አንዱ ራስ ነገ ሌላው ከተማዋን ሲያምሳት፣ ሰዉ ንብረቱን እዚያ እያስቀመጠ ነበር የሚያድረው። አስቡት፣ ወታደር ሁሉን ዘርፎ አንድ አጥር ጋ ሲደርስ ይቆማል። ሁልጊዜ አይደለም በእርግጥ። ግን የሥልጣን ልክ ተብሎ የሚጠቀስ ነገር ካለ፣ ምክር ቤት በሌለበት አገር፣ እሱ አጥር ነበር።

ሕጉስ? ፍትሐ ነገሥት ነዋ። ግብፅ ውስጥ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በዐረብኛ የተሰናዳ፣ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። 51 አንቀጽ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ 22 ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ የቀሩት 29 ስለ ዓለማዊው ጉዳይ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ሽያጭ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ወንጀል። 44ኛው ስለ ነገሥታት ነው። ጾምና ብድር በአንድ ጥራዝ! የሚያነበውና የሚተረጉመውም የጉባኤ ቤት ሰው ነው፤ ጠዋት መጻሕፍትን ያስተማረ ሊቅ ከሰዓት የፍርድ አንቀጽ ሊጠየቅ ይችላል። እዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት ፓትርያርክ እንዳይሾሙ የሚል ሕግ ነበረ፣ ይኼ ነው ግብፃዊው አቡን ለስንት መቶ ዓመት የቆየበት ምክንያት። በገዛ መጽሐፋችን ታስረን ኖርን ማለት ነው።

ተራው ሰው ፍትሐ ነገሥቱን ባያነብም ፍርድን ከሃይማኖት ለይቶ አያይም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚለው ተረት ስለ ገንዘብ አይደለም።

አንድነት የነበረ እንዳይመስላችሁ ግን። ጎንደር ግማሽ ዘመኗን የፈጀችው በክርስቶስ ባሕርይ ክርክር ነው። ቅባት የሚባለው፣ ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ ቅባት የባሕርይ ልጅ ሆነ የሚለው ወገን፣ በጎጃም ጠንካራ ነበር፣ ተዋሕዶው ይቃወመዋል፣ በኋላ ጸጋ የሚባል፣ በቅባቱ የጸጋ ልጅ ሆነ የሚል ሦስተኛ ወገን ተጨመረ። ነገሥታቱ ጉባኤ ይጠራሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ከዚያ አንዱን ደግፈው ይፈርዳሉ፤ ቀጣዩ ንጉሥ ይገለብጠዋል። ዳዊት 3ኛ፣ ከ1716 እስከ 1721 የነገሠው፣ ቅባትን ደግፎ በሱ ጊዜ ካህናት ታረዱ። ነገሩ በአዋጅ የተቋጨው በ1878 በአፄ ዮሐንስ 4ኛ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው፣ ያኔ ደግሞ ጎንደር ዋና ከተማ አልነበረችም።

ሂሳቡን የከፈሉት ሌሎች ናቸው። በ1668 በአፄ ዮሐንስ 1ኛ ዘመን የተደረገ ጉባኤ እስላሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ፣ የፈረንጆቹን ዘሮችም ወይ ተዋሕዶን ተቀበሉ ወይ ውጡ አላቸው። ይሄ ንጉሥ «ጻድቁ» ይባላል። እስላሙ ወደ አዲስ ዓለም፣ ቤተ እስራኤሉ እንደ ወለቃ ወዳሉ መንደሮች። ርስት የክርስቲያን ሆነና እነሱ ንግድ፣ ሽመና፣ ብረትና ግንባታ ያዙ። ከሲራራ ንግዱ ቀረጥ የሚሰበስበው ግቢ፣ ነጋዴውን ግን አብሮት እንዲኖር አልፈለገውም። ጽድቅ ለማን እንደሆነ እዚህ ላይ ቆም ብሎ መጠየቅ ነውር አይመስለኝም።

የነገሥታቱ የቤታቸው ግብረ ገብም ያው ነው። ወንድሞቻቸውን ወህኒ አምባ ላይ ያስሩ ነበር (ወህኒ ቤት የሚለው ቃላችን ከዚያ መጣ ይባላል)። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያሠሩት ታላቁ ኢያሱ በ1706 በገዛ ልጃቸው ትእዛዝ ተገደሉ።

ቴዎድሮስ ሲመጡ ጥያቄው ወደ መሬት ወረደ። ሲሶ ለንጉሥ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ ይባላል፣ በተግባር ግን እንዲህ ንጹሕ ሒሳብ አልነበረም። ንጉሡ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን 2 ቄስና 3 ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ለገባር ይሁን አሉ። አርባ አራት ታቦት ላላት ከተማ ካህናት ይሄ ጦርነት ነው። ጠቡ ከረረ፣ አቡነ ሰላማ መቅደላ ታስረው በ1867 እዚያው ሞቱ፣ በ1866 ጎንደር ተዘርፋ ተቃጠለች፣ መጻሕፍቷ ወደ መቅደላ ተጫኑ። ከዚያ እንግሊዞች በ1868 ወሰዷቸው። የቴዎድሮስን ሐሳብ ብዙ ሰው ይወደዋል፣ እኔም። አብያተ ክርስቲያናቱን ማቃጠላቸውን ግን የትኛውም የመሬት ሥሪት አያነጻውም።

የቀረውን በፍጥነት ልለፈው። የ1955ቱ ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስን የመንግሥት ሃይማኖት አደረገ፣ ደርግ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን ሲወርስ የቤተ ክርስቲያኑም አብሮ ሄደ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ አንዱ በሌላው ጣልቃ አይገባም ይላል። አንቀጽ 34 ደግሞ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ክፍት ይተዋል፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩትም በዚህ ነው። አንቀጹ ጥሩ ነው። ግን ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር፣ በአንድ የቀብር ቀን፣ ከመቃብር ስፍራ አጠገብ የተነሳ ጠብ የሰው ሕይወት ሲያጠፋ፣ አንቀጽ 11 ማንንም አላስቆመም። በሕግ አምላክ ያለ ሰው ካለም የሰማው የለም።

የድሮው አሠራር ዛሬ በሕይወት ያለው ደም ማድረቅ ላይ ነው። የገዳይ ወገኖች ድንጋይ ተሸክመው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ሟች ቤት ይመጣሉ። ሽማግሌዎቹ መሐል ይቆማሉ፣ ካህናቱ መስቀል ይዘው። የሟች ወገን እንቢ ይላል፣ ሽማግሌ ይመለሳል፣ ደግሞ ይመጣል። በመጨረሻ ካሳው ይቆረጣል፣ ሁለቱም ወገን ይምላል፣ መሐላውን ያፈረሰ ይገዘታል። አብረው ይበላሉ። ገዳዩ ግን ወህኒ ነው ያለው፣ ፋይሉም ዐቃቤ ሕግ ጋ እንደተከፈተ ነው፤ ዕርቁ ቅጣት ቢያቀልለት እንጂ ክሱን አይዘጋውም።